እናቴ «አንቱ» ያለችኝ ዕለት

ሰው በሕይወቱ ዘመን ከሚያከማቸው ሀብት ሁሉ ሌባ የማይሰርቀው፣ ብል የማይበላው ዕውቀቱ ነው ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማ ነበር። እኔም ይህን ቃል አምኜ በመጀመሪያ በአብነት ትምህርት ቤት ውዳሴ ማርያሙንና ዳዊቱን በቃሌ ያዝሁ፤ ድቁና ከተቀበልሁም በኋላ ወደ ዘመናዊው ትምህርት ቤት ገብቼ መምህር ሆንሁ፤ ይህንኑም ቃል ለተማሪዎቼ እየደጋገምሁ ስነግራቸው ከሃያ ዓመት በላይ ዐለፈ። ዛሬ ግን እንደ ቀድሞው ደፍሬ ልናገረው አልችልም። ዕውቀትንና ትዝታን የሚሰርቅ ሌባ መኖሩን በገዛ እናቴ አይቻለሁና።

ይህን የምጽፈው የቤቴን ኀዘን ለማውራት ብዬ አይደለም። በብዙ ቤት ውስጥ አረጋውያን እናቶችና አባቶች በዚሁ ሕመም ተይዘው ሳሉ «ጃጁ» ተብለው ይናቃሉ፤ አንዳንዶቹም በክፉ መንፈስ እንደ ተያዙ ተቈጥረው በር ይዘጋባቸዋል። እኔ ራሴ፣ መጽሐፍ አንባቢ ነኝ የምለው ሰው፣ ባለማወቄ ብዙ ስሕተት፣ አንድም ከባድ በደል ሠርቻለሁ። ስለዚህ አንባቢ ከእኔ ስሕተት ይማር ዘንድ የሆነውን ሁሉ ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

እናቴ ተወልዳ ያደገችው በጎጃም ገጠር ነው። ፊደል አልቈጠረችም፤ ነገር ግን የቀን መቍጠሪያ የሚያሻት ሴት አልነበረችም። የወሩን ቀኖች ሁሉ በየበዓላቱ ታውቃቸዋለች፤ 5 አቦ፣ 7 ሥላሴ፣ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ 29 በዓለ ወልድ እያለች ላሚቱ የወለደችበትን፣ ብድር የሚመለስበትን፣ ጎረቤት የሞተበትን ቀን ሳትሳሳት ትናገር ነበር። የእኔንም የልደት ቀን ያገኘሁት ከመዝገብ ሳይሆን ከእርሷ አፍ ነው፤ «በጥቅምት ሚካኤል ማግሥት፣ ጎሕ ሲቀድ ተወለድህ» ትለኝ ነበር። አባቴ ካረፈ በኋላ በ2008 ዓ.ም. እኔ ወደምኖርበት ወደ አዲስ አበባ አመጣኋት። ያን ጊዜ ዕድሜዋ ሰባ ዓመት ያህል ነበረ።

የሕመሙ የመጀመሪያ ምልክት የታየው በዚሁ በቀን ቈጠራዋ ነው። በ2010 ዓ.ም. ኅዳር 12 ቀን እንደ ልማዷ የሚካኤልን ዝክር አዘጋጅታ ጎረቤት ጠርታ አበላች። ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ በጽዮን ማርያም ዕለት፣ ገና ሳይነጋ ተነሥታ ሊጥ ስታቦካ አገኘናት። «ምን ልትሠሪ ነው?» ብላት «ዛሬ ሚካኤል አይደለምን? ዝክሩን ማን ሊያዘጋጀው ነው?» አለችኝ። ሚካኤል እንዳለፈ ብነግራት ጥቂት አሰበችና «እንግዲህ እርጅና ነው» ብላ ሣቀች። እኛም ዐብረናት ሣቅን።

ከዚያ ወዲያ ምልክቱ እየበዛ ሄደ። ቡና ሳትጨምር ውኃ ብቻ በጀበና ታፈላለች፤ አንዱን ወሬ ቡናው ሳይጠጣ ሦስት ጊዜ ታወራለች፤ የልጅ ልጆቿን ስም እያቀያየረች ትጠራለች፤ ከሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ይጠፋታል። አሜሪካ አገር ለምትኖረው እኅቴ ግን በስልክ ስታነጋግራት ምንም ሕመም አይታያትም ነበር። እናቴ «ደኅና ነሽ ወይ? ልጆችሽ ደኅና ናቸው? እግዚአብሔር ይመስገን» እያለች እንደ ጤነኛ ትመልስላታለች። ሰላምታና የጨዋ አነጋገር ከልጅነት ጀምሮ የተጠና ስለ ሆነ ሌላው ሁሉ ሲጠፋ ብዙ ጊዜ ሳይጠፋ እንደሚቈይ ገና አላወቅንም ነበር። ስለዚህ እኅቴ «ደኅናዪቱን ሰው ለምን ታማለች ትላታለህ?» እያለች ትወቅሰኝ ነበር። በኋላ ግን መጥታ ሦስት ቀን ዐብራት ከሰነበተች ወዲህ በሩን ዘግታ አለቀሰች።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ከሙያዬ የመጣ ነው። እርማት የመምህር ልማድ ስለ ሆነ እናቴ በተሳሳተች ቍጥር አርማት ጀመር። «ትናንት ነግሬሽ አልነበረምን? እስቲ አስቢ! ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው? ትናንት ማን መጣ?» እያልሁ እንደ ሰነፍ ተማሪ እጠይቃታለሁ። ብትለማመድ አእምሮዋ የሚጠነክር መስሎኝ ነበር። እርሷ ግን ዐይኗን ወደ መሬት ትጥላለች፤ የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ታሻለች፤ አንዳንድ ጊዜም ትቈጣለች። ከሁሉ የከፋው «አባትህ እስካሁን ለምን አልገባም?» ስትለኝ የምሰጣት መልስ ነበረ። «እናቴ፣ አባቴ ከሞተ ስንት ዓመቱ!» እላታለሁ። ያን ጊዜ ሞቱን ገና እንደ ሰማች ሆና ደረቷን እየመታች ታለቅሳለች። በማግሥቱ ደግሞ ትጠይቀኛለች፤ እኔም ደግሜ እነግራታለሁ። በዚህ ዐይነት ለአንድ ሞት ብዙ ጊዜ መርዶ አደረስሁባት።

ሁለተኛው ግን ከስሕተት የሚያልፍ በደል ነው። በቤታችን ከገጠር የመጣች፣ ዕድሜዋ ከሃያ ጥቂት የሚያልፍ፣ ማታ ማታ የምትማር የቤት ሠራተኛ ነበረች። በ2011 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም ወራት እናቴ «ለመግነዣዬ ያስቀመጥሁት ገንዘብ ተሰረቀ» ብላ ጮኸች። ገንዘቡ በመቀነቷ ቋጥራ ትይዘው የነበረ 3,000 ብር ነው። ቤቱ ሁሉ ተፈተሸ፤ አልተገኘም። እናቴም «የወሰደችው ይህች ናት፤ በዐይኔ አይቻታለሁ» ብላ ልጅቱን በጣቷ አመለከተቻት። ልጅቱ እየማለች «ጋሼ፣ እማማ ዕቃ እየደበቁ ይረሱታል፤ እባክዎን ደግመው ይፈልጉ» ብላ ለመነችኝ። እኔም «እናቴን ውሸታም ልታደርጊያት ነውን?» ብዬ ተቈጣሁ፤ በጎረቤት ፊት ሌባ ብያት የወር ደመወዟን ይዤ አሰናበትኋት። ተያዥ የሆነላት አጎቷ፣ ጫማ እየጠገነ የሚኖር ሰው፣ እፍረቱን መታገሥ ስላልቻለ 1,500 ብር አምጥቶ ሰጠኝ። እኔም ተቀበልሁት።

ከአራት ወር በኋላ በሐምሌ ባለቤቴ ሽሮው ሊያልቅ ሲል ወደ ዕቃው ግርጌ ብትጨልፍ በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አገኘች። ቋጠሮው የእናቴ እጅ ቋጠሮ ነው፤ ፈትተን ብንቈጥረው 3,000 ብሩ አንድም ሳይጐድል ተገኘ። እናቴን ጠርቼ ባሳያት «ይህ የማን ገንዘብ ነው?» አለችኝ። ያን ጊዜ ጕልበቴ ከዳኝ። እናቴ ልትዋሽ እንዳልፈለገች፣ ልጅቱም እንዳልሰረቀች፣ በሁለቱ መካከል እኔ የማላውቀው ሌላ ነገር እንዳለ በዚያች ሰዓት ገባኝ። በሳምንቱም እናቴን ወደ ሐኪም ወሰድኋት።

ሐኪሙ በዕድሜ ከእኔ የሚያንስ ሰው ነበረ። ወንበሩን ወደ እርሷ አስጠግቶ በመጀመሪያ ስለ አገሯና ስለ ከብቶቿ አጫወታት። ሰዓት ሥላ እንድታሳየው ወይም ቍጥር ወደ ኋላ እንድትቈጥርለት አልጠየቃትም፤ ፊደል ያልቈጠረ ሰው በእንዲህ ያለ ጥያቄ ቢወድቅ የሚታወቀው አለመማሩ እንጂ ሕመሙ እንዳልሆነ ኋላ አስረዳኝ። ይልቁንም «እማማ፣ ያለፈው ጾም የምን ጾም ነበረ? የሚመጣውስ?» ሲል ጠየቃት። አንድም ጾም ሽራ የማታውቀው እናቴ መልሱን ከእኔ ፊት ላይ ለማንበብ ዘወር ብላ አየችኝ። እኔም አንገቴን ደፋሁ። ቀጥሎም በሬ፣ ውኃና እንጀራ የሚሉ ሦስት ቃላት ነግሯት ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቢጠይቃት፣ ቃላቱን ብቻ ሳይሆን መነገሯንም ጭምር ረስታዋለች።

ይሁን እንጂ ሐኪሙ ወዲያው አልፈረደም። ደሟን አስመረመረ፤ የደም ግፊቷን ለካ፤ ጆሮዋንና ዐይኗን አየ፤ ራሷንም በሲቲ ስካን አስነሣ። ምክንያቱን ብጠይቀው እንዲህ ሲል ነገረኝ፦ የቫይታሚን ቢ12 ጕድለት፣ በአንገት ያለው የታይሮይድ ዕጢ መድከም፣ ከራስ ቅል በታች የረጋ ደም፣ ልዩ ልዩ ኢንፌክሽን፣ ከባድ የመንፈስ ጭንቀት፣ አንዳንድ ጊዜም ሰው የሚወስደው መድኃኒት ራሱ፣ ይህን የመሰለ መርሳት ያመጣሉ። ከእነዚህም ብዙዎቹ በጊዜ ከተደረሰባቸው ይታከማሉ። እንግዲህ «ሽማግሌ አይደል፣ ይርሳ» ብሎ ሰውን በቤት ማስቀመጥ ሊድን የሚችለውን ሕመምተኛ እንደ መተው ነው። በእናቴ ዘንድ ግን ከእነዚህ አንዱም አልተገኘም። ሐኪሙም የሕመሙን ስም አልዛይመር ብሎ ነገረኝ።

የመምህር ነገር ሆኖ፣ የቃሉን ምንጭ ሳልመረምር አልቀረሁም። አልዛይመር የሰው ስም ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1901 ዓ.ም. በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ወዳለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አውጉስተ ዴተር የምትባል የ51 ዓመት ሴት ገባች። ባሏን ያለ ምክንያት ትጠረጥራለች፤ ዕቃ እየደበቀች ትረሳለች፤ ሌሊት ትባንናለች። አሎይስ አልዛይመር የተባለው ሐኪም ስሟን ቢጠይቃት «አውጉስተ» አለች፤ የባሏን ስም ቢጠይቃትም ያንኑ የራሷን ስም መለሰችለት። ሐኪሙ የጠየቃትንና የመለሰችውን ሁሉ እየጻፈ አኖረ። በ1906 ዓ.ም. በሞተች ጊዜ አንጎሏን በማጕያ መሣሪያ መረመረ፤ በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ያየውን በቱቢንገን ከተማ በሐኪሞች ጉባኤ ፊት አቀረበ። በ1910 ዓ.ም. ኤሚል ክሬፐሊን የተባለው ታላቅ ሐኪም ሕመሙን በባልደረባው ስም ሰየመው። ይህን ሳነብ ዕቃ መደበቅ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ መጽሐፉን ዐጥፌ ብዙ ቈየሁ። ልጅቱ በቤቴ ውስጥ የነገረችኝ ነገር ከመቶ ዓመት በፊት ተጽፎ የኖረ ነው።

አልዛይመር በአንጎል ውስጥ ያየው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው አሚሎይድ የሚባለው ፕሮቲን በሕዋሳት መካከል እንደ ዝቃጭ መከማቸቱ ነው፤ ሁለተኛውም ታው የሚባለው ሌላ ፕሮቲን በሕዋሳቱ ውስጥ እንደ ተወሳሰበ ፈትል መቋጠሩ ነው። በዚህ ምክንያት ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው መነጋገር ይሳናቸዋል፤ ኋላም ይሞታሉ፤ አንጎሉም እየሰለለ ይሄዳል። ይህም ለውጥ ምልክቱ ከመታየቱ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ እንደሚጀምር ታውቋል።

አስቀድሞ ከሚጐዱት ክፍሎች አንዱ ሂፖካምፐስ የሚባለው ነው። የእርሱም ሥራ እንደ ቤተ መዛግብት ጸሓፊ የዕለቱን ነገር መዝግቦ ማኖር ነው። ጸሓፊው ሲታመም የዛሬው ነገር አይመዘገብም፤ ቀድሞ የተጻፈው ግን በመደርደሪያው ላይ ጥቂት ዘመን ይቈያል። እናቴ የዛሬ ጧት ቍርሷን ረስታ የሠርጓን ቀን የምታስታውሰው ስለዚህ ነው። እኔ «ትናንት ነግሬሽ አልነበረምን?» እያልሁ ስቈጣት የነበረው ከቶ ስላልተጻፈ ነገር ነው። ያልተጻፈውን አንብቢ ማለት ምን ዐይነት መምህርነት ነው?

የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2021 ዓ.ም. አእምሮን በሚያደክመው በዚህ ዐይነት ሕመም የተያዙ ሰዎች ቍጥር በዓለም ላይ 57 ሚሊዮን ነበረ። ከእነዚህም ከመቶ ከስድሳ የሚበልጡት የሚኖሩት ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው። ከጠቅላላው ሕሙማን ከመቶው ከ60 እስከ 70 የሚሆኑት የአልዛይመር ሕመምተኞች ናቸው። እንግዲህ ነገሩ የፈረንጅ በሽታ ነው የሚባል አይደለም። ዕድሜ ዋናው ምክንያት ቢሆንም እርጅና ራሱ ሕመም አይደለም፤ እስከ ዘጠና ዓመት ድረስ አእምሯቸው ሳይደበዝዝ የኖሩ አባቶች በየደብሩ አሉና።

ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ለእናቴ የታዘዘላት ዶኔፔዚል የሚባለው ነው፤ እርሱም ለአንዳንድ ሰው ለጥቂት ጊዜ ይረዳል እንጂ ሕመሙን አያቆመውም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2023 ዓ.ም. ሌካኔማብ፣ በ2024 ዓ.ም. ዶናኔማብ የተባሉ አዲስ መድኃኒቶች በአሜሪካ አገር ሙሉ ፈቃድ አግኝተዋል። እነዚህ አሚሎይዱን ከአንጎል ያጸዳሉ፤ ሕመሙ ገና በጀመራቸው ሰዎች ድካሙን በመጠኑ ያዘገያሉ። ነገር ግን አንጎልን ሊያሳብጡ ወይም ሊያደሙ ስለሚችሉ ብርቱ ክትትል ያሻቸዋል። እኅቴ ይህን ሰምታ እናታችንን ልትወስዳት ዐስባ ነበር፤ የእናታችን ሕመም ግን ያን ጊዜ ከመጀመሪያው ደረጃ ዐልፎ ነበር።

በዚህ መካከል ዘመዶቻችን «የሐኪም ነገር አይደለም፤ መድኃኒቱን አስጥለህ ጠበል ውሰዳት» ይሉኝ ጀመር። እኔም ነገሩን ለነፍስ አባታችን አማከርሁ። እርሳቸውም «ጠበሉን ማን ከለከላት? መድኃኒቱንስ ማን ሠራው? ጠበሏን ትጠመቅ፤ ኪኒኗንም ትዋጥ፤ ለታመመ ሰው ጾም አይገደድምና ምግቧን በሰዓቱ ስጣት» አሉኝ። ዐርብ ቀን ሳታውቅ በልታ ኋላ ስታለቅስ እያዩ ያጽናኗት እርሳቸው ናቸው።

አንድ ሌላ ጥያቄም ነበረኝ። ሐኪሙ ስለ አባቴ ሞት ደግሜ እንዳልነግራት መክሮኛል፤ እኔ ደግሞ እናቴን ልዋሻት አልወደድሁም። የነፍስ አባቴ «መዋሸትም ማርዳትም የለብህም። ስለ አባትህ ስትጠይቅህ የናፈቃትን ሰው ስም አንሥታልሃለችና ስለ እርሱ እንድታጫውትህ ለምናት» አሉኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «አባትህ ለምን አልገባም?» ስትለኝ «አባቴ ምን ዐይነት ሰው ነው? እስቲ ንገሪኝ» እላታለሁ። እርሷም ስለ እርሻው፣ ስለ በቅሎው፣ በአንድ ክረምት ወንዝ ሞልቶ ሳለ ተሻግሮ እንደ መጣላት ትነግረኛለች። በልጅነቴ ያልሰማሁትን የአባቴን ታሪክ ያወቅሁት እናቴ መሞቱን በረሳችበት ጊዜ ነው።

ገንዘቡ በተገኘ በወሩ፣ የልጅቱን አድራሻ አፈላልጌ ከባለቤቴ ጋር ወደ አጎቷ ቤት ሄድሁ። 1,500 ብሩንና የያዝሁባትን ደመወዝ በአጎቷ እጅ አስቀመጥሁ። ነገር ግን ሌባ ያልኋት በጎረቤት ፊት ስለ ነበረ ይቅርታውም በዚያው ቦታ መሆን ነበረበት። በፍልሰታ ፍቺ እርሷንና አጎቷን ጠርተን ያን ቀን በደጄ የነበሩት ጎረቤቶች ባሉበት የሆነውን ተናግሬ ይቅርታ ጠየቅኋት። እርሷም ጥቂት ዝም ብላ «ጋሼ፣ እማማ መታመማቸውን እኔ ቀድሜ ዐውቄ ነበር። ቀኑን ሙሉ ዐብሬያቸው የምውለው እኔ አይደለሁምን? ግን ማን ይሰማኛል?» አለች። ከዚያም «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» ብላ ተነሥታ ሳመችን። ወደ ቤታችን ለሥራ አልተመለሰችም፤ እኔም እንድትመለስ ልጠይቃት አላፈርሁም ለማለት አልደፍርም። በበዓል ቀን ግን እናቴን ለመጠየቅ ትመጣለች። በየቤታችን ያሉትን ሠራተኞች ስለ አረጋውያኑ ሁኔታ አስቀድመን ብንጠይቅ፣ ከሐኪሙ በፊት ብዙ ነገር በተረዳን ነበር።

አሁን በቤታችን ያለው ሥርዐት እንዲህ ነው። እናቴን አንፈትናትም። ስንናገራት ከፊቷ ቀርበን፣ በአጭር ቃል፣ አንድ ነገር ብቻ እንነግራታለን። ዕቃዎቿን ከቦታቸው አናነሣም። ከሰል ያለበትን ምድጃ ብቻዋን አንተውላትም። ማታ ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ «ከብቶቹን ላስገባ፤ ወደ ቤቴ ልሂድ» ብላ ትነሣለች። ቀድሞ በሩን ቈልፌ እከለክላት ነበር፤ በሩን እየደበደበች ታነባለች። ዛሬ ነጠላዋን አልብሰን ከልጆቼ አንዱ ዐብሯት ግቢውን ዞሮ ይመልሳታል፤ ስትመለስም ከብቶቹ የገቡ መስሏት ታርፋለች። ስሟንና የእኔን ስልክ ቍጥር በቀሚሷ ላይ ሰፍተንላታል፤ የዕድራችን ሰዎችና ባለ ሱቁ ጭምር ሁኔታዋን እንዲያውቁ ነግረናል። ሕመሙ ነውር አይደለምና በመደበቅ የሚገኝ ጥቅም የለም። በድንገት ከወትሮው ይልቅ ግራ የተጋባች፣ የምትቃዥ እንደ ሆነ ግን ሌላ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሳንውል ሳናድር ወደ ሐኪም እንወስዳታለን።

ባዘቶና እንዝርት ከፊቷ ብናስቀምጥላት ደግሞ ትፈትላለች። ራሷ የረሳውን እጇ አልረሳም፤ ፈትሉም እንደ ድሮው ቀጭን ነው። ሥራ ሲኖራት ትረጋጋለች። የሚያስታምመው ሰው ግን ዕረፍት ያሻዋል። ይህ ሸክም በብዙ ቤት የሚወድቀው በሴቶች ትከሻ ላይ ነው፤ በእኔም ቤት በባለቤቴ ላይ ወድቆ ነበርና፣ አሁን ቅዳሜና እሑድን እኔ እጠብቃለሁ። እርሷም ያለ ሐሳብ ታስቀድሳለች።

ስለ መከላከልም አንድ ቃል ልጨምር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2024 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣው የሊቃውንት ጥናት፣ ሊታረሙ የሚችሉ ዐሥራ አራት ምክንያቶችን ይዘረዝራል፤ እነዚህ ሁሉ ቢወገዱ በዓለም ላይ ካለው ከዚህ ዐይነት ሕመም ከመቶ 45 ያህሉን መከላከል ወይም ማዘግየት እንደሚቻል ይገምታል። ከእነርሱም መካከል የደም ግፊትና ስኳር አለመታከም፣ የጆሮና የዐይን ድካምን ቸል ማለት፣ ሲጋራ፣ መጠጥ ማብዛት፣ ሰውነትን አለማንቀሳቀስ፣ ከሰው ተለይቶ ብቻ መኖር፣ በልጅነትም ሳይማሩ መቅረት ይገኛሉ። እናቴ በልጅነቷ ወንድሞቿ ሲማሩ ከብት ትጠብቅ ነበር። የእርሷን ሕመም ያመጣው ይህ ነው ለማለት ማንም አይችልም፤ ነገር ግን ሴት ልጅን ከትምህርት ማስቀረት ጉዳቱ እስከ እርጅና ዘመን ሊከተላት እንደሚችል መምህር ስሆን እንኳ አላውቅም ነበር።

ባለፈው ዓመት በትንሣኤ ሰሞን አንድ ማታ ከትምህርት ቤት ስገባ እናቴ በደጃፍ ተቀምጣ ነበር። እጅ ነሥቼ ብጠጋት ነጠላዋን አስተካክላ ከመቀመጫዋ ብድግ አለችልኝ። «አንቱ የማን ልጅ ነዎት?» አለችኝ። ዐርባ ዓመት ሙሉ «አንተ» ስትለኝ የኖረች እናቴ እንደ እንግዳ ሰው አከበረችኝ። በፊት ቢሆን «ልጅሽ ነኝ! እንዴት ትረሺኛለሽ?» ብዬ እጮኽባት ነበር። አሁን ግን ጕሮሮዬን የያዘኝን ውጬ፣ የአባቴን ስም ጠራሁና «የእርሱ ልጅ ነኝ» አልኋት። ፊቷ በራ። «እርሱንማ ዐውቀዋለሁ፤ ደግ ሰው ነው። ይግቡ፤ ይቀመጡ፤ እህል ሳይቀምሱማ አይሄዱም» አለችኝ። ገብቼ ተቀመጥሁ። ሞሰቡን ራሷ አቀረበች፤ እንጀራውን ቈርሳም አጐረሰችኝ።

መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 3 ላይ የአባት አእምሮ ቢደክም እንኳ ልጅ እንዲታገሠው እንጂ እንዳይንቀው ያዝዛል። ይህን ምዕራፍ በልጅነቴ አንብቤው ዐልፌ ነበር፤ ትርጓሜውን ግን ያገኘሁት በዚያች ማታ ከእናቴ እጅ በጐረስሁበት ጊዜ ነው። እርሷ እኔን ረስታኛለች፤ እንግዳ መቀበልን ግን አልረሳችም። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ «ጃጁ» የተባሉ እናት ወይም አባት ቢኖሩ፣ ወደ ሐኪም አድርሳቸው፤ ከሰውም አትሸሽጋቸው። ስምህንም ቢረሱ አንተ የእነርሱን ስም አትርሳ፤ ያስታውሱ ዘንድ ከማስጨነቅ ይልቅ ስለ እነርሱ አስታዋሽ መሆን የእኛ የልጆች ፈንታ ነውና።